የለንደንን ምድር ውስጥ ባቡር ያስጀመረው፣ ምርቃቱን ግን ያላየው ነገረ ፈጅ

ለንደን የምትኖሩ ተከታታዮቻችን ፋሪንግደን ጣቢያን ሳታውቁት አትቀሩም። በ2022 የተከፈተው የኤልዛቤት መስመር እዚያ ይቆማል፤ የድሮው የሜትሮፖሊታን መስመርም በዚያው ያልፋል። የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎቹን ያራገፈው በዚሁ ሰፈር ነው። ማን ሠራው ሲባል ቶሎ የሚጠራው የኢንጂነሩ የጆን ፋውለር ስም ነው። ልክ ነው፣ ሥራውን የመራው እሱ ነው። ግን ዶማ መሬት ከመንካቱ በፊት ዓመታት ሙሉ ሐሳቡን ተሸክሞ ሲዞር፣ ሲለምን፣ ሲሳቅበት የኖረ ሌላ ሰው ነበር። ኢንጂነር አይደለም፣ ባለሀብትም አይደለም። የከተማ ምክር ቤት ነገረ ፈጅ ነው። ስሙ ቻርለስ ፒርሰን ይባላል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ፒርሰን የተወለደው በ1793 እዚያው ለንደን ነው። አባቱ ፍራሽና የወንበር ልብስ የሚሠሩ፣ ላባም የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ልጁም ከአባቱ ሥር ሆኖ ሙያውን እንዲለምድ ተደርጎ ነበር። እሱ ግን ልቡ ወደ ሕግ አደላና በ1816 ጠበቃ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ሜሪ ማርታ የምትባል የሰው ምስል ሠዓሊ አገባ፤ በዚያው ዓመትም ለሲቲ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1839 የምክር ቤቱ ነገረ ፈጅ ሆኖ ተሾመ፣ እስኪሞትም ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እናጥራ። ሲቲ የሚባለው መላው ለንደን አይደለም። ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳን የማይሞላ፣ ባንኩም ገበያውም ቢሮውም የታጨቀበት የከተማዋ አሮጌ እምብርት ነው። የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ መሬትና የራሱ ካዝና አለው። ይሄ ካዝና በኋላ ስለሚመጣ ያዙልን።

ሰውየው አርፎ የሚቀመጥ ዓይነት አልነበረም። በ1666 ለንደንን ላጋየው ትልቅ እሳት መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ሐውልቱ ላይ ከተማዋን ያቃጠሉት ካቶሊኮች ናቸው የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቷል፤ ውሸት ነው። ፒርሰን ተከራክሮ በ1830 አስፋቀው። አይሁዶች በሲቲ ውስጥ የድለላ ፈቃድ እንዳያገኙ የሚከለክለውን ደንብ ተሟገተ። ባለሥልጣናት ለፍርድ ሸንጎ የሚቀመጡ ዳኞችን እየመረጡ በሚፈልጉት ሰው ሲሞሉት አጋለጠ። የሞት ቅጣትንም ይቃወም ነበር። ከ1847 እስከ 1850 ደግሞ የላምቤዝ ተወካይ ሆኖ ፓርላማ ገብቷል። ባጭሩ አንዴ የያዘውን ነገር የማይለቅ ሰው ነው፣ ወደ ባቡሩ ጉዳይ ሲገባም ይሄው ጠባዩ አብሮት ገባ።

አሁን የዚያን ጊዜዋን ለንደን አስቡ። በ1801 አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1851 ከሁለት ሚሊዮን አልፋለች። መንገዱ የፈረስ ጋሪ፣ የፈረስ አውቶቡስ፣ ከብት ነጂና እግረኛ ተጋፍተው የሚውሉበት ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ባቡሮች ደግሞ መሀል ከተማ አይገቡም። ፓዲንግተን፣ ዩስተን፣ ኪንግስ ክሮስ የተባሉት ጣቢያዎች ዳር ዳር ነው የቆሙት። ስለዚህ ባቡሩ ሰውና ዕቃ አምጥቶ ዳር ላይ ያፈሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በፈረስ ነው፣ ወይም በእግር።

ደሀው ግን ለፈረስ አውቶቡስ የሚከፍለው የለውም። በእግሩ ወደ ሥራው መድረስ ስላለበት ሥራው አጠገብ መኖር ግዴታው ነው። ሥራው አጠገብ ደግሞ ኪራይ ውድ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ተደራርቦ ይተኛል፣ በሽታው አይጣል ነው። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ይህን የምታነቡ ነገሩ በደንብ ይገባችኋል፤ ቤት ርካሽ የሆነበት ቦታ መጓጓዣው ይበላችኋል፣ መጓጓዣ የማያስፈልግበት ቦታ ቤቱ አይቀመስም።

ፒርሰን የያዘው ይሄን ቋጠሮ ነው። በ1845 ባወጣው ትንሽ ጽሑፍ ከመሬት በታች የሚሄድ፣ በፍሊት ሸለቆ በኩል እስከ ፋሪንግደን የሚደርስ ባቡር ይሠራ አለ። በተጨመቀ አየር እየተገፋ ይሄዳል የሚልም ነበረበት። ይሄኛው ቴክኒኩ አልሠራም፣ እኛም አንቆይበትም። የሚበልጠው ከባቡሩ ጀርባ ያለው ሐሳብ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አየሩ ንጹሕ በሆነ ቦታ ለሠራተኛ የሚሆኑ ትንንሽ ቤቶች ይሠሩ፣ የባቡሩ ዋጋም ሠራተኛው የሚችለው ይሁን፣ ሰውም ጠዋት ገብቶ ማታ ይመለስ። ለእሱ ቤቱና ባቡሩ የማይነጣጠሉ ነበሩ።

በ1846 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ባቡር ወደ መሀል ለንደን ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን መረመረ። የፒርሰንም ዕቅድ ቀርቦ ነበር። ወደቀ። ኮሚሽኑ ባቡሮች ዳር ላይ ይቁሙ ብሎ ወሰነ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እኛን የገረመን። ጩኸቱን ትቶ መቁጠር ጀመረ። ወደ ሲቲ በሚያስገቡት ዋና ዋና መንገዶች ላይ ሰዎች አቁሞ ማን በእግር፣ ማን በአውቶቡስ፣ ማን በጋሪ እንደሚገባ አስቆጠረ። ውጤቱን በ1854 እና በ1855 የለንደንን መንገድ ለሚያጠናው የፓርላማ ኮሚቴ አቀረበ። በየቀኑ በእግሩ የሚገባው ሰው ብቻ ወደ 200,000 ይጠጋ ነበር። የለንደንን ትራፊክ በዚህ መልክ ቆጥሮ ያቀረበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል። አሁን መንገድ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ ቆጣሪ ማሰማራት የተለመደ ነው፤ ያኔ ግን አንድ የሕግ ሰው ተነስቶ መንገደኛ ልቁጠር ሲል ምን እንደመሰለ ገምቱት።

ፓርላማው በ1854 የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያን ፈቀደ። መስመሩ ከፓዲንግተን ተነስቶ በኪንግስ ክሮስ አድርጎ ወደ ሲቲ የሚወርድ ነው። ፈቃድ ተገኘ ማለት ግን ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም። እንግሊዝ ክራይሚያ ላይ ከሩሲያ ጋር ጦርነት ገብታለች፤ በኛ አገር ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ሰሞን መሆኑ ነው። ባለገንዘቡ እጁን ሰበሰበ። ከመሬት በታች በእንፋሎት ባቡር መሄድ የሚለውንም ያመነ ጥቂት ነው። ጋዜጦች ይቀልዱበት ነበር፤ ጭስና ጨለማ ውስጥ ማን ወዶ ይገባል እያሉ። እስከ 1857 መጨረሻ ድረስ ሥራ ለመጀመር የሚበቃ ብር አልተሰበሰበም። ኩባንያው ሊፈርስ ምንም አልቀረውም።

ፒርሰን በኩባንያው ውስጥ ዳይሬክተር አልነበረም፣ ትልቅ ባለአክሲዮንም አልነበረም። እንዲያውም ለዚህ ነው መሀል ገብቶ ማስታረቅ የቻለው ብለን እናስባለን። በ1858 ያዋቀረው ስምምነት እንዲህ ነው። ሲቲ በአዲሱ የፋሪንግደን መንገድ አካባቢ ያጸዳው መሬት አለው፣ ገዢ ግን አጥቷል። ኩባንያው መሬቱን በ179,000 ፓውንድ ከሲቲ ይግዛ። ሲቲ ደግሞ የ200,000 ፓውንድ አክሲዮን ከኩባንያው ይግዛ። ሒሳቡን ስታዩት ሲቲ በአንድ እጁ የሰጠውን አብዛኛውን በሌላው ተቀብሏል፤ ባዶውን የተኛው መሬትም ሥራ አገኘ። ባለገንዘቦቹም የከተማው ካዝና እዚህ ውስጥ ከገባ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው ብለው ተጠጉ። ይሄ ስምምነት ዝም ብሎ አልመጣም። ፒርሰን ለሲቲ ነዋሪዎች በ1859 ጽሑፍ አሳትሞ በትኗል፣ ምክር ቤቱንም ደጋግሞ ሞግቷል። ስድሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ቁፋሮው በ1860 ተጀመረ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። መንገዱን ከላይ መቅደድ፣ ጎንና ጎኑን በጡብ መገንባት፣ ጣራውን መድፈን፣ ከላይ መንገዱን መልሶ ማንጠፍ። ግን መሬቱ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ አለ፣ የውኃ ቧንቧ አለ፣ ፍሊት የሚባለው ድሮ ወንዝ የነበረ አሁን የቆሻሻ መውረጃ የሆነ ጉድም አለ። በሰኔ 1862 ፍሊት ግድግዳውን ሰብሮ ወጣና ዋሻውን እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ በፍሳሽ ሞላው። ምርቃቱ ለወራት ተገፋ።

ፒርሰን ያን ያህል ጊዜ አልነበረውም። በመስከረም 14 ቀን 1862 ዎንድስወርዝ በሚገኘው ቤቱ አረፈ፣ ዌስት ኖርዉድ መቃብር ተቀበረ። ኩባንያው ለውለታው ሽልማት ሊሰጠው ፈልጎ ነበር፤ አልቀበልም ብሏል።

ባቡሩ ጥር 10 ቀን 1863 ለሕዝብ ተከፈተ። ሰባት ጣቢያ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ሠረገሎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ በጋዝ መብራት የሚበሩ ናቸው፤ የሚጎትታቸው የእንፋሎት ባቡር ነው፣ ጭሱም ጭስ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን 38,000 ሰው ተሳፈረ። በመጀመሪያው ዓመት 9.5 ሚሊዮን። ማን ወዶ ይገባል ላሉት መልሱ ይሄው። ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ኩባንያው ለፒርሰን ባለቤት በዓመት 250 ፓውንድ ቆረጠላት።

ይሄን ታሪክ እዚህ ላይ አጨብጭቦ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን የሚያስቀይም ነገር አለው። የፋሪንግደን መንገድና ባቡሩ የተሠሩት የፍሊት ሸለቆ የደሀ ሰፈር ፈርሶ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። በክፍል የሚከራይ ደሀ ስለነበረ ካሳ የሚባል ነገር አልደረሰውም፤ አብዛኛው አጠገብ ወዳለው ሌላ የተጨናነቀ ሰፈር ገብቶ እዚያ ያለውን መጨናነቅ አባሰው። ፒርሰን ባቡሩን ያለመው ለነዚሁ ሰዎች ነበር። ያሰባቸው የሠራተኛ ቤቶች ግን አብረው አልተሠሩም። ባቡሩ ባለአክሲዮን ነበረው፣ መሬቱም ገዢ አገኘ፤ ቤቶቹን ግን የኔ ናቸው ብሎ በካዝናው ፊት የቆመላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። እሱን ብንወቅሰው ደስ አይለንም፣ ነገር ግን ስምምነቱን ሲያዋቅር ቤቶቹን እዚያው ውል ውስጥ አለማስገባቱ እንደ ነገረ ፈጅ ትልቅ ክፍተት ነው ብለን እናምናለን። ሲቲ መሬቱን በሚሸጥበት ጊዜ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ የሚችልበት አቅም ነበረው።

የርካሽ ትኬቱ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ፒርሰን ከሞተ ከሃያ ወር ገደማ በኋላ፣ በግንቦት 1864፣ ኩባንያው ለሠራተኞች ለብቻው ዋጋ አወጣ። መሄጃና መመለሻው በአንድ ጉዞ ዋጋ፣ በ3 ፔንስ። ትኬቱ የሚሠራው ግን ማለዳ ላይ ለሚነሱ ሁለት ባቡሮች ብቻ ነበር፦ በኛ ሰዓት ከንጋቱ 11:30 እና 11:40።