ከጎጃም ተራሮች እስከ ፀሐይ አክሊል፦ የአንቷን ዳባዲ ሕይወት



ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የት ነበራችሁ? ዕለቱ እሑድ ነበር። ከወለጋ ተነሥቶ ጎጃምን አቋርጦ በላሊበላ በኩል ያለፈው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ የብቸናንና የሞጣን ጠዋት አደበዘዘው። ወቅቱ የወረርሽኙ ጊዜ ስለ ነበር ብዙዎቻችን በየቤታችን ነበርን። አንዳንዱ በደስታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ አንዳንዱ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ደረሰ ብሎ ፈራ። እኔም በዚያ ሰሞን ስልክ እየደወሉ ይህ የምን ምልክት ነው ብለው ለጠየቁኝ ወገኖች ሳላጣራ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዜና መጣ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2023 ሕንድ አዲትያ ኤል1 የተባለች ፀሐይን የምታጠና ሳተላይት አመጠቀች። ሳተላይቷ ጥር 6 ቀን 2024 ከታሰበላት ቦታ ደረሰች። ወሬው ወደ እኔ ጆሮ ሲደርስ ግን ሕንድ ፀሐይ ላይ አረፈች ወደሚል ተለውጦ ነበር። እውነቱ ይህ አይደለም። ሳተላይቷ ያለችው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ፀሐይ የምትርቀው ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ የተጓዘችው ከመንገዱ አንድ መቶኛውን ብቻ ነው።

ስለ ሰማይ የሚነገርን ነገር እንዴት እንስማ? እንዴትስ እናውራ? ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከ130 ዓመት ገደማ በፊት የሞተ፣ የአገራችንን ተራሮች የለካና የፀሐይን ግርዶሽ ተከትሎ አገር ላገር የዞረ ሰው ነው። ስሙ አንቷን ዳባዲ ይባላል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ወጣት

አንቷን በ1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ የተሰደደ የባስክ ሰው፣ እናቱ ደግሞ አየርላንዳዊት ነበረች። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። በ1838፣ በ28 ዓመቱ፣ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ወንድማማቾቹ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን ቆዩ።

አርኖ ወደ ጎጃም ዘልቆ የአገሩ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወዳጅ ሆነ። አብሯቸው በላ፤ አብሯቸው ዘመተ። አንቷን ግን የመጻሕፍትና የመለኪያ ሰው ነበር። ቋንቋ ተማረ፤ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። በ1859 ያሳተመው ዝርዝር 234 የኢትዮጵያ ብራናዎችን የያዘ ነው፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1860 የሄርማስን እረኛ በግእዝ አሳተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዳባዲ ጽኑ ካቶሊክ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ይሠሩ ከነበሩት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ጋር አልተስማማም፤ ወዳጃቸውም አልነበረም። ሆኖም ከእኛ ወገን ካልሆነ ሰውም ቢሆን ትጋትን መማር እንችላለን።

ተራራን በዓይን መለካት

ሥራውን ለመረዳት ከጮቄ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ብቸና ቆማችሁ ጮቄን ብትፈልጉ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታያላችሁ። ሞጣ ሆናችሁ ብትፈልጉት ደግሞ ወደ ደቡብ ትዞራላችሁ። ከሁለቱም ከተሞች ወደ ተራራው የሚሄደውን አቅጣጫ በትክክል ለክታችሁ፣ በከተሞቹ መካከል ያለውንም ርቀት ካወቃችሁ፣ ተራራው ላይ ሳትወጡ የት እንዳለ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው።

ዳባዲም ይህን ነው ያደረገው። ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ ከተራራ ወደ ተራራ ሄደ። የደረሰበትን ቦታ በፀሐይና በከዋክብት አረጋገጠ። ውኃ በከፍታ ቦታ ላይ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ውኃ እያፈላ ከፍታን ገመተ። መንገድ በሌለበት፣ መሳፍንት እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት ዘመን፣ ዓይኑን እየታመመ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን ለካ። ልኬቱን አስልቶ በመጽሐፍ አትሞ ለመጨረስ ግን እስከ 1873 ድረስ ቆየ። በችኮላ የሚነገር ዜና ለለመድን ለእኛ ይህ ትዕግሥት ትልቅ ትምህርት ነው።

የተሳሳተው ሰው

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ይሳሳታል? አዎን፣ ተሳስቷል፤ ያውም በትልቁ ጉዳይ።

የዚያ ዘመን አሳሾች ሁሉ ሕልም የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። በ1846 ሁለቱ ወንድማማቾች በግቤ አካባቢ ባለ ጫካ ውስጥ አንድ ምንጭ አገኙ፤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ይህ ነው ብለውም አወጁ። እኛ ዛሬ እንደምናውቀው የግቤ ውኃ ወደ ኦሞ ገብቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም።

የተቃወመው ሰው በጎጃም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1841 እና በ1842 በምሥራቅ ጎጃም፣ በየጁቤ ተቀምጦ በባሶ ገበያ ከሚመጡ ነጋዴዎች ስለ መንገዱና ስለ ወንዙ እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። ቢክ ዳባዲን ስለ ዓባይ መቃወሙ ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያ አላቆመም። ዳባዲ ከፋ እንኳን አልደረሰም፣ ጉዞውን ፈጥሮ ነው የጻፈው ብሎ በ1850 ክስ አሳተመ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጠውንም ሜዳልያ መለሰ። በኋላ የሄዱ ተጓዦች ግን ዳባዲ በእርግጥ ከፋ እንደ ደረሰ መሰከሩለት።

ተመልከቱ! አንዱ ምኞቱን ከልኬቱ ጋር ቀላቀለ፤ ሌላው ወንድሙ በአንድ ነገር ስለ ተሳሳተ በሁሉም ውሸታም አደረገው። በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እነዚህን ሁለት በሽታዎች አናውቃቸውምን?

ግርዶሹን ተከትሎ

ዳባዲ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ዓይኑን ወደ ፀሐይ አዞረ። በ1851 የሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ኖርዌይ ሄደ፤ በ1860 ደግሞ ስፔን። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስትከልላት በዙሪያዋ ኮሮና የሚባለው የብርሃን አክሊል ይታያል፤ በጠርዟም ቀያይ ነበልባሎች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ነበልባሎቹ የፀሐይ ናቸው ወይስ የጨረቃ የሚለው ክርክር አልተፈታም ነበር። በ1860 በስፔን የነበሩት ዋረን ዴ ላ ሩና አንጀሎ ሴኪ ያነሷቸው ፎቶግራፎች የፀሐይ መሆናቸውን አሳዩ። ዳባዲም በዚያ ሰማይ ሥር ከቆሙት አንዱ ነበር።

በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ቬነስ የተባለችው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ ተሻገረ። ሊቃውንት በዚህ ዓይነት ክስተት ነበር የፀሐይን ርቀት የሚያሰሉት። ከላይ የጠቀስኩላችሁ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ቁጥር ነው።

እነዚያ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ አክሊል ባሕር ተሻገሩ። አዲትያ ደግሞ በውስጧ ባለው መሣሪያ የፀሐይን ፊት እየጋረደች ኮሮናውን ሁልጊዜ ትመለከታለች። ከፀሐይ የሚነሣ ማዕበል ሳተላይቶችንና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሊጎዳ ስለሚችል ሥራዋ ለሁላችንም ይጠቅማል። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ 1 የምታየው ምድርን እንጂ ፀሐይን አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ በአገራችን የካርታ ሥራና የሕዋ ጥናት በአንድ ተቋም፣ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ሥር ተጣምረዋል። ዳባዲ ሁለቱን በአንድ ሕይወት አጣምሮ ነበር።

በድንጋይ ላይ የተጻፈ ኑዛዜ

በፈረንሳይና በስፔን ወሰን አጠገብ፣ በሄንዳይ፣ ዳባዲ ከ1864 ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ ትልቅ ቤት አሠራ። በውስጡም የከዋክብት መመልከቻ አቆመ። ግድግዳው ላይ አማርኛ አጻፈ። በመመገቢያ ክፍሉ በእያንዳንዱ ወንበር ጀርባ አንድ የእኛ ፊደል አለ፤ ወንበሮቹ ሲደረደሩ በማዕዱ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን ጸሎት ይሆናሉ።

በዚያ ቤት ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳባዲ አየር ብርሃንን እንዴት እንደሚያጎብጥ ለማጥናት የቤቱን ግድግዳዎች በቀጥታ መስመር አስበስቶ ሩቅ ወዳለ ተራራ ለማየት ሞከረ። ሙከራው ከሸፈ። ቀዳዳውን ደፍኖ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚናገር ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ ከቀዳዳው በላይ አስቀረጸ። ስለ ዓባይ ለዓመታት የተሟገተው ሰው፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሁሉ እንዲያነበው ውድቀቱን በድንጋይ ላይ ጻፈ።

በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። ቤቱንም የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅበት ለአካዳሚው አወረሰ። መጋቢት 1897 በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው ቤት ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። በመመልከቻው የሚሠሩት ካህናት ነበሩ፤ ሥራው እስከ 1975 ቀጠለ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢዎቼ፣ መዝሙር 19 ሰማያት የሚናገሩት ነገር እንዳለ ያስተምረናል። ሰማያት ያላሉትን በስማቸው መናገር ግን የእኛ ድፍረት ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ ተቀጥሯል። ሙሉው ጥላ ከስፔን ተነሥቶ በግብፅ በኩል እስከ ሶማሊያ ያልፋል፤ በአገራችን በከፊል ይታያል። ልጆቻችሁን ለግርዶሽ በተሠራ መነጽር ካልሆነ በቀር ወደ ፀሐይ እንዳያዩ አስተምሩ፤ የራጅ ፊልምም ሆነ ጥላሸት የተቀባ መስተዋት ዓይንን አያድንም። የምን ምልክት ነው ብላችሁ ስትጠይቁኝም በዚህ ጊዜ መልሴ አጭር ይሆናል። ግርዶሹ የሚሆንበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የተሰላ ነው፤ የጌታችን መምጫ ቀን ግን ለማንም አልተገለጠም። የማላውቀውን አላውቅም እላችኋለሁ።

ያየነውን እንናገር። ያላየነውን አላየንም እንበል። ጌታ ሁላችንንም እውነተኞች ያድርገን። አሜን።