የፓካርዱ ሞተር

ሰሞኑን የምውለው ጋራዥ ነው። የመኪናዬ ሞተር ዘይት እየጠጣ ስላስቸገረኝ በሌላ ላስቀይረው ወሰንኩ። አሮጌው በፓራንኮ ተንጠልጥሎ ሲወጣ ኮፈኑ ሥር የቀረውን ባዶ ቦታ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደነገጥኩ። ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ ካሚንስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ጄኔሬተር ቆሟል። ይሄን ስም ጄኔሬተር ወይም ከባድ መኪና ላይ ሳታዩት አትቀሩም። የድርጅት ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሰው ስም ነው። ሰውየው የአሥር ዓመት ልፋቱን ያስያዘው ደግሞ በአንድ የሞተር ቅየራ ነው።

ክሌሲ ካሚንስ በ1888 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.አ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያና ተወለደ። የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆመ፤ ግን በ11 ዓመቱ የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ሠርቶ ነበር። በ1908 እዛው ኢንዲያና ውስጥ ኮለምበስ በምትባል ትንሽ ከተማ ዊልያም አይርዊን የሚባል ባለባንክ ሾፌርና መካኒክ አድርጎ ቀጠረው። ሾፌሩ እጁ አያርፍም፣ ባለባንኩ ገንዘብ አለው። በ1919 በአይርዊን ገንዘብ የሞተር ፋብሪካ ተከፈተ።

ፋብሪካው የያዘው የናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን እስኪግል ድረስ ያምቀውና ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ግን ያንን እመቃ እንዲችል ብረቱ ወፍራም መሆን አለበት። ስለዚህ ያኔ ናፍጣ የመርከብና የፋብሪካ ነገር ነበር፤ መኪና ላይ ይገጠማል ብሎ የሚያስብ ብዙም አልነበረም።

ገበያውም አልቀናም። ሲርስ የተባለው ትልቅ ነጋዴ ብዙ ሞተር አዘዘና ለገበሬዎች ሸጠ። ሲርስ ዕቃውን ያልወደደ ገንዘቡ ይመለስለታል የሚል ደንብ ነበረው። ገበሬዎቹ ምን አደረጉ? ወቅቱን ሙሉ ሲሠሩበት ከርመው መለሱት! (ኦንላይን ልብስ አዝዞ፣ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ዛሬ የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።) ፋብሪካው አሥር ዓመት ሙሉ ትርፍ የሚባል አላየም። በ1929 ጥቅምት የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ደግሞ የአይርዊን ትዕግሥት አለቀ። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው።

ካሚንስ በወረቀትና በክርክር አልለመነም። አንድ ያገለገለ ፓካርድ ሊሞዚን ወሰደና የቤንዚን ሞተሩን አወረደ። በቦታው ለጀልባ የተሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ገጠመ። የገና ዕለት ባለባንኩን አስገብቶ በዛ መኪና አዞረው። አስቡት፣ በገና ቀን፣ አሥር ዓመት የከሰረበትን አለቃ የጀልባ ሞተር በተገጠመለት መኪና ጭኖ መዞር! መንገድ ላይ ቢቆምበት ሁሉም ነገር እዛው ያበቃ ነበር። አልቆመም። አይርዊን እንደገና ገንዘቡን አወጣ።

በሚቀጥለው ወር ካሚንስ ያንኑ ፓካርድ ከኢንዲያናፖሊስ ኒውዮርክ ድረስ ነዳው። 1,275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የነዳጅ ወጪው 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም። በ1931 ደግሞ የናፍጣ ሞተር ያለው የውድድር መኪና ኢንዲያናፖሊስ 500 ላይ አሰለፈ። 13ኛ ነው የወጣው፤ ግን 500 ማይሉን አንድ ጊዜ እንኳ ለነዳጅ ሳይቆም ጨረሰ።

ይሄን ለመካኒኬ ስነግረው ዋጋው ብዙም አልደነቀውም። የጠየቀኝ ስለ ፍሬኑ ነው። ልክ ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት የአየር መግቢያው ስለሚታፈን መኪናውን ያዝ ያደርገዋል። ናፍጣው ግን አየሩን እንደልብ ስለሚስብ ቁልቁለት ላይ ያን ያህል አይዝም። የዓባይን በረሃ ጭኖ የወረደ ሾፌር ይሄ ይገባዋል።

ካሚንስ የገባው እዛው 1931 ነው። ናፍጣ የገጠመለትን የጭነት መኪና ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ ሲነዳ ካሊፎርኒያ ካሆን ፓስ የሚባል ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ከታች መንገዱን የሚያቋርጥ ባቡር እያለፈ ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ተረፉ።

ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ፣ መልሱን እዛው ሞተሩ ውስጥ አገኘው። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲጨርስ ቫልቩ ተከፍቶ የታመቀውን ያስወጣዋል። ስለዚህ ፒስተኑን መልሶ የሚገፋው ኃይል አይኖርም፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ ሲያወጣ ሰምታችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፈጠራውን በ1961 አምርቶ ገበያ ላይ ያዋለው ጃኮብስ የተባለ የትራፓኖ ብረት መያዣ ሠሪ ፋብሪካ ነበር። ካሚንስ ያኔ 72 ዓመቱ ነው፤ በ1968 ሞተ።

የኔው ሞተር ነገ ይገባል። ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ካለው ስለሚለይ እሱንም ማስተካከል አለብኝ። መካኒኬ ደግሞ ጎማዎቹን አውልቆ የፍሬን ሸራውን እያየ ነው።