ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ጫማ አጥቶ ነው ወይስ እግሩን አውቆ?

የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብለን አናስብም። ሆኖም ታሪኩ በየክፍሉ ሲነገር አንድ ስሕተት አብሮት ይሄዳል። ጫማ የሚገዛበት አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ ይባላል። ነገ ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት የምንቆም ሁሉ ነገሩን ከወዲሁ ማጣራት ይገባናል።

አበበ በ1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ከብት እየጠበቀ አደገና የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ልምምዱን አንዳንዴ በጫማ፣ አንዳንዴም ያለ ጫማ ያደርግ ነበር።

ሮም ሲደርስ አዲሱ ጫማ እግሩን ላጠው። እንግዲህ ምን ይደረግ? የማይመች ጫማ አጥልቆ 42 ኪሎ ሜትር ከመሰቃየት የለመደውን መረጠ፤ አሰልጣኙም ተስማማ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆየ። ወደ መጨረሻው ግድም፣ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ።

ምርጫው ለታይታ አለመሆኑን ደግሞ ቶኪዮ ትመሰክራለች። በ1957 ዓ.ም. እዚያ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆነውም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ቀደመ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የተመቸውን ጫማ አደረገ፣ ያልተመቸውን ተወ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አበበ ንግግር የማያበዛ፣ የማይቸኩል፣ አቅሙን የሚመዝን ሰው ነበር። ይህ ጠባዩ በክፉ ቀንም አልከዳውም። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ጋምቤላ በባሮ ዳር በባዶ እግራቸው ኳስ የሚያሳድዱ ልጆች ሞልተዋል። ነገ ተማሪዎቻችን ናቸው። አበበ ያሸነፈው ድኻ ስለነበረ ነው ብንላቸው ማጣትን እንደ ማዕረግ እናስተምራቸዋለን። ጫማ የሚያስፈልገውም ልጅ ለመጠየቅ ያፍራል። ተለማምዶ፣ ራሱን አውቆ፣ የሚበጀውን መርጦ አሸነፈ ብንላቸው ግን ባለጫማውም ጫማ የሌለውም እኩል የሚማረው ነገር ያገኛል። እውነቱም ይኸኛው ነው።