ስሙ ጎማ ላይ የቀረው ባለዕዳ

ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ከመነዳሪውን ሞርዶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ትንሽ አድርቆ ሲለጥፈው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ድሮ ግን ጎማ ሲሞቅ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ፣ ሲበርደው እየተሰነጠቀ ሰው አስመርሮ ነበር።

ይህን ጣጣ የፈታው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1800 በአሜሪካ፣ ኒው ሄቨን ተወለደ። ንግዱ ከስሮ በዕዳ ታሰረ፤ እስር ቤት ሆኖም ጎማ ማቡካቱን አልተወም። ከወጣ በኋላ ለመንግሥት የሠራቸው የፖስታ ከረጢቶች በሙቀት ተበላሹበት። በ1839 ግን ከድኝ ጋር የቀላቀለው ጎማ የጋለ ምድጃ ሲነካ አልቀለጠም፤ እንደ ቆዳ ጠንከር አለ እንጂ። ለካ ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አስተሳስሯቸው ኖሯል፤ ስለዚህ ሲሳቡ ተመልሰው ይሰበሰባሉ እንጂ ተንሸራተው አይለያዩም።

በ1844 የፈጠራ መብት ቢያገኝም ሥራውን የሚቀዱት በዙ፤ ገንዘቡን ክርክር በላው። በ1860 ሲሞት ወደ 200,000 ዶላር ዕዳ ነበረበት። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ነው፤ የእሱም የቤተሰቡም አልነበረም። እኔማ ስሙን ጎማ ላይ ሳነብ ሀብታም ሰውዬ ይመስለኝ ነበር።