የጣናን ዓሣ ለክቶ ያስመዘገበው ሩፔል

ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ለንግድ ሥራ ታጭቶ የነበረ ቢሆንም ልቡ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ምርምር ነበር። በ1831 በምፅዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ዘመነ መሳፍንት ስለነበር መንገዱ አስጊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ደረሰ። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስመዘገበው እርሱ ነው።

ጣና ላይ ደግሞ ትኩረቱን የሳቡት ዓሣዎቹ ነበሩ። ናሙና ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ፤ የአካላቸውን መጠንና ቅርጽ አነጻጽሮም በ1835 እና በ1836 በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይቶ አሳተመ። ቤሶ የተባለውን ዓሣም በአገሬው ስሙ መዘገበው። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ፣ አራዳና ፒያሳም ከመታወቃቸው በፊት በ1884 አረፈ።

ሥራው ግን ሳይፈተን አልቀረም። በ1973 የወጣ ጥናት እነዚያን ነጭ ዓሣዎች አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ጣና ላይ በጥንቃቄ የተካሄደ ልኬት ደግሞ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች መኖራቸውን አሳየ። ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ሁሉም አንድ ናቸው ከተባለ አንዱ ዝርያ ሲጠፋ የሚያስተውል አይኖርም።

ዛሬ በድምፅ ሞገድ የውኃ ውስጥ ምስል የሚያነሱ መሣሪያዎች ዓሣውን ሳይዙ ርዝመቱን ይለካሉ። ይሁን እንጂ ዓሣው ጎኑን ካልሰጠ አጥሮ ይታያል፤ የጅራቱ ጫፍም ይደበዝዛል። ተቀራራቢ ዝርያዎችን መለየትም ያስቸግራል። ስለዚህ ውጤቱ በእጅ ከተለካ ዓሣ ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ለወረዳ ባለሙያና ለዓሣ አስጋሪ የሩፔል ሕይወት የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘራቸውን ማጥፋት ነው። የተያዘውን ዓሣ በየዓይነቱ ለይቶ፣ ርዝመቱንም ለክቶ መመዝገብ ያልደረሰው ዓሣ እየተያዘ መሆኑን ቀድሞ ያሳያል፤ የመረቡን ዓይን ስፋት ለመወሰንም ይረዳል።