አልፎንስ ቤርቲዮን

አልፎንስ ቤርቲዮን (ሚያዝያ 1845 – የካቲት 6 ቀን 1906 ዓ.ም.) ፈረንሳዊ የፖሊስ ሠራተኛና የወንጀል ምርመራ ባለሙያ ነበር። የሰውን አካል በመለካት ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሥርዓት ለፖሊስ ሥራ ያዋለ፣ ዛሬም በየፖሊስ ጣቢያው የሚነሣውን የፊት ለፊትና የጎን ፎቶግራፍ መልክ ያስያዘ ሰው ነው። ኮምፒውተር በካሜራ ያየውን ፊት ከመዝገብ ጋር አስተያይቶ ሰውየውን የሚለይበት የዛሬው ቴክኖሎጂ የታሪክ ሥሩ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ይጀመራል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ቤርቲዮን በ1853 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የቁጥር ሰዎች ቤት ነበር። አባቱ ሉዊ አዶልፍ ሐኪምና የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ነበር። የእናቱ አባት አሺል ጊያር ደግሞ በ1855 ሥነ ሕዝብ ለሚባለው የጥናት ዘርፍ በአውሮፓ የሚታወቅበትን ስም ያወጣ ሰው ነው። ወንድሙ ዣክም ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለሚጠቀምበት የበሽታዎች ምደባ መነሻ የሆነውን የሞት ምክንያቶች ዝርዝር አዘጋጅቷል። አልፎንስ ግን ትምህርት አልሆነለትም፤ በተደጋጋሚ ከትምህርት ቤት ተባረረ፣ ብሪታንያ ሄዶ ለጥቂት ጊዜ ፈረንሳይኛ አስተማረ፣ ከዚያም ወታደራዊ አገልግሎቱን ፈጸመ። በ1879 በአባቱ አማላጅነት በፓሪስ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተራ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ።

የካርዶቹ ችግር

ሥራው የታሰሩ ሰዎችን መልክ በካርድ ላይ መገልበጥ ነበር። በካርዶቹ ላይ ያለው መግለጫ ረጅም፣ አጭር፣ መካከለኛ ከማለት እምብዛም አያልፍም፤ ካርዶቹም የሚደረደሩት በስም ነው። የተያዘው ሰው ስሙን ከቀየረ መዝገቡ ሁሉ ዋጋ የለውም። ቀድሞ ወንጀለኛ በጋለ ብረት ምልክት ይደረግበት ነበር፤ ይህ ቅጣት ግን በፈረንሳይ በ1832 ተሽሯል። ፎቶግራፍም መፍትሔ አልሆነም፤ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠር የፎቶ ክምር ውስጥ አንዱን ፊት በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልምና። ቤርቲዮን ያስተዋለው ይህንን ነው፦ መዝገብ መያዝ ብቻ አይበቃም፣ ስም ሳይጠየቅ የሚፈለግበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ዛሬ የመረጃ ቋት የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ወዲያው ያውቀዋል።

የአዋቂ ሰው አጥንት ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ብዙም አይለወጥም፤ የሁለት ሰዎች ልክም በሁሉም ነገር አይገጥምም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ 11 ልኮችን መረጠ፦ ቁመት፣ የተዘረጉ ክንዶች ስፋት፣ ተቀምጦ የሚለካ ቁመት፣ የራስ ርዝመትና ስፋት፣ የጉንጭ አጥንቶች ስፋት፣ የቀኝ ጆሮ ርዝመት፣ የግራ እግር፣ የግራ መካከለኛና ትንሽ ጣት፣ እንዲሁም የግራ ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። እያንዳንዱን ልክ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብሎ በሦስት ከፈለው። አራት ጊዜ በሦስት ሲከፈል 81 ክፍል ይሆናል፤ በየክፍሉ ያሉት ካርዶችም በቀሩት ልኮች እንደገና ይከፋፈላሉ። አዲስ የተያዘው ሰው ሲለካ ፈላጊው ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ጥቂት ካርዶች ብቻ ይቀሩታል።

የሦስት ወር ፈተና

የፖሊስ አዛዡ ሉዊ አንድሪዩ በ1879 የቀረበለትን ሐሳብ የእብድ ሥራ አድርጎ ቆጠረው። ተተኪው ዣን ካሜካስ ግን በ1882 መጨረሻ ገደማ ለሙከራ ሦስት ወር ብቻ ፈቀደ። ፈተናው ከባድ ነበር፦ ቤርቲዮን ከባዶ ጀምሮ በዚያ አጭር ጊዜ የለካው ሰው ተፈትቶ፣ እንደገና አጥፍቶ፣ እንደገና ተይዞ መምጣት አለበት። ጊዜው ሊያልቅ ሲል በየካቲት 1883 ዱፖን ነኝ ያለ አንድ እስረኛ ተለካ፤ ልኩም ቀደም ሲል ማርቲን በሚል ስም ከተመዘገበ ሰው ካርድ ጋር ገጠመ። ሰውየው አመነ። በዚያው ዓመት 49፣ በ1884 ደግሞ 241 ደጋጋሚ ወንጀለኞች በዚህ ዘዴ ተለዩ።

በግንቦት 1885 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ብዙ ጊዜ የተፈረደባቸውን ሰዎች እንደ ጉያና ወዳሉ ቅኝ ግዛቶች ለዕድሜ ልክ ማጋዝ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የካርድ መግጠምና አለመግጠም የአንድን ሰው ቀሪ ሕይወት የሚወስን ሆነ።

ፎቶግራፍና የቃል ሥዕል

ቤርቲዮን ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ርቀትና አቀማመጥ እንዲነሣ አደረገ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ መጠኑም የእውነተኛው ሰው አንድ ሰባተኛ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከሥራዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ነው። ግንባርን፣ አፍንጫንና ጆሮን በተወሰኑ ቃላት ብቻ የሚገልጽ ደንብም አወጣ፤ የቃል ሥዕል ይባል ነበር። በተለይ ጆሮን ከሁሉ አብልጦ ያምነው ነበር። በ1892 ፓሪስን በቦምብ ያሸበረው ራቫሾል ሲያዝ፣ ቀደም ሲል ኬኒግስታይን በሚል ስም ተለክቶ ስለነበር ማንነቱ በልኩ ታወቀ፤ የቤርቲዮን ስምም በአውሮፓ ገነነ። ዘዴው ቤርቲዮናዥ ተብሎ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አርጀንቲናና በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው ህንድ ተዛመተ። አርተር ኮናን ዶይል እንኳ በአንድ የሼርሎክ ሆምስ ልብ ወለድ ውስጥ ስሙን አንሥቶታል።

ስሕተቶች

ዘዴው በወረቀት ላይ የማይሳሳት ይመስል ነበር። አንድ ልክ በአጋጣሚ የሚገጥመው ከ4 አንድ ጊዜ ነው ቢባል፣ 11ዱም በአጋጣሚ የሚገጥሙት ከ4 ሚሊዮን በላይ በሆነ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው። ስሌቱ ግን ልኮቹ አንዱ ከሌላው ነጻ እንደሆኑ ይቆጥራል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ተቃወመ፤ ቁመቱ የረዘመ ሰው ክንዱም እግሩም ይረዝማልና። የሁለት ልኮችን ዝምድና በቁጥር የሚገልጸውን ስሌት በ1888 ያቀረበውም በእንዲህ ያለ የአካል ልክ መረጃ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት ለኪዎች አንዱን ሰው ለክተው የተለያየ ሚሊሜትር ያመጣሉ፤ ካሊፐሩን ጠበቅ ያደረገና ላላ ያደረገ እኩል አይደሉም። ዕድሜያቸው ከ20 በታች ለሆኑት ደግሞ ዘዴው አይሠራም።

ትልቁ ጥፋቱ ግን ከልክ ጋር የተያያዘ አይደለም። በ1894 ለጀርመን ምሥጢር ያቀበለ ሰው የጻፈው ወረቀት በተገኘ ጊዜ፣ የእጅ ጽሕፈት ባለሙያ ያልነበረው ቤርቲዮን እንዲያስተያይ ተጠየቀ፤ ጸሐፊው አይሁዳዊው መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ ነው ሲልም ደመደመ። በሁለቱ ጽሕፈቶች መካከል ልዩነት ሲገኝ፣ ድሬይፉስ ሆን ብሎ የራሱን እጅ አስመስሎ አጣሟል በማለት ልዩነቱንም እንደ ማስረጃ ቆጠረው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ቢመሳሰልም ባይመሳሰልም ተከሳሹን ይጥላል። ድሬይፉስ ማዕረጉ ተገፎ ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ። በ1904 የሂሳብ ሊቁ ኦንሪ ፖዋንካሬ ከጋስቶን ዳርቡና ከፖል አፔል ጋር የቤርቲዮንን ስሌት መርምረው ውድቅ አደረጉት፤ በ1906 ድሬይፉስ ነጻ ወጣ። ወረቀቱን የጻፈው ኤስተርሃዚ የተባለ ሌላ መኮንን ነበር።

የጣት አሻራ

አሻራ ከልክ ይልቅ ርካሽና አስተማማኝ ሆኖ ተገኘ። ህንድ በ1897፣ የለንደን ፖሊስ በ1901 ወደ አሻራ ዞሩ። ቤርቲዮን የዕድሜ ልክ ሥራው ሲተካ ደስ አላለውም፤ ሆኖም አሻራን በካርዶቹ ላይ ጨመረ፣ በ1902ም ሼፌር የተባለን ነፍሰ ገዳይ በአሻራው ለየ። በ1911 ሞና ሊዛ ከሉቭር በተሰረቀች ጊዜ ሌባው በመስታወቱ ላይ አሻራ ትቶ ነበር። ቪንቼንዞ ፔሩጃ ቀደም ሲል ተይዞ የተመዘገበ ሰው ቢሆንም፣ ካርዶቹ በአሻራ ለመፈለግ ስላልተደረደሩ ሊገኝ አልቻለም፤ የተያዘው ሥዕሉን ሊሸጥ ሲሞክር በ1913 ጣሊያን ውስጥ ነው። በ1912 ደግሞ ፈረንሳይ ዘላን ሕዝቦች ልካቸውና ፎቷቸው ያለበት መታወቂያ ደብተር እንዲይዙ በሕግ አዘዘች። ለወንጀለኞች የተሠራው ልኬት ምንም ላላጠፉ ሰዎች ዋለ።

ቤርቲዮን በ1914 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ከፊት መለያ ካሜራ ጋር ያለው ዝምድና

በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ዉዲ ብሌድሶ በፎቶ ላይ ያሉ የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ ነጥቦችን ርቀት ለኮምፒውተር ሰጥቶ ፊትን ለመለየት ሞከረ፤ ሐሳቡ ከቤርቲዮን ካርድ ብዙ አይርቅም። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች መለያውን ከብዙ ፎቶዎች ራሳቸው ይማራሉ፤ ሲመዘኑ የሚጠየቀው ግን ያው የጥንቱ ነው። ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ተፈላጊውን ሳያውቁ ማሳለፍና ሌላውን ሰው ተፈላጊ ነው ማለት። የመመሳሰያው ነጥብ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ይበዛል፣ ዝቅ ሲል ሁለተኛው።

ለምሳሌ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡ መንገዶች በሚገናኙባት ወረታ፣ መናኸሪያው ላይ ካሜራ ተተክሎ በቀን 10,000 ሰው ያያል እንበል። የተፈላጊዎች ዝርዝር 500 ሰው ቢይዝ በቀን 5 ሚሊዮን ንጽጽር ይደረጋል። ፕሮግራሙ ከአንድ ሚሊዮን ንጽጽር አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት እንኳ በየቀኑ 5 ንጹሐን ሰዎች ይጠቆማሉ። ሻጭ 99 ከመቶ ትክክል ነው ሲል ታዲያ በየትኛው ስሕተት፣ በስንት ሰው ዝርዝር፣ በምን ብርሃን ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ ቤርቲዮን ወንበሩንና ርቀቱን የወሰነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስሕተቱም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ጾታን የሚለዩ ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ ሲሳሳቱ በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 ከመቶ አይበልጥም ነበር። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2019 ባወጣው ግምገማም ብዙዎቹ የፊት መለያ ፕሮግራሞች አፍሪካውያንንና የምሥራቅ እስያ ሰዎችን ከነጮች ከ10 እስከ 100 እጥፍ አብዝተው ከሌላ ሰው ጋር ያምታቱ ነበር። በኢትዮጵያ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሲሰጥ የፊት ፎቶ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስና የአሥሩ ጣቶች አሻራ አብረው ይወሰዳሉ።