ፈተና የወደቀው ዕጩ መምህር

የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤች. ጂ. ዌልስ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ልቦለዶቹ ናቸው፤ ወደ መጪው ዘመን የሚወስደው መኪና፣ ለዓይን የማይታየው ሰው፣ ከማርስ የመጡት ወራሪዎች። ይህን ሁሉ የፈጠረው ሰው እንደኛው በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፈ፣ ያውም የመጨረሻውን ፈተና ወድቆ የወጣ መሆኑ ግን ብዙም አይወራም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሄርበርት ጆርጅ ዌልስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ለንደን አጠገብ በምትገኘው በብሮምሊ ተወለደ። አባቱ የሸክላ ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ ነበረችው። ሱቋ ገበያ የላትም፤ የቤቱን ጎዶሎ የሚሞላው አባትየው ክሪኬት እየተጫወተ የሚያገኘው ገንዘብ ነበር። በ1874፣ ልጁ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጎረምሳ ለጨዋታ ብሎ ወደ ላይ ይወረውረውና ሳይቀልበው ይቀራል። ልጁ የድንኳን ካስማ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ታዲያ ለሳምንታት አልጋ ላይ የዋለ ልጅ ምን ይሠራል? አባቱ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ያመጣለታል፤ የጎረምሳው እናትም፣ ነገሩ ከንክኗት ይሁን ከደግነት፣ መጽሐፍ ትልክለታለች። ስለ ሩቅ አገር፣ ስለ አራዊት፣ ያገኘውን ሁሉ አነበበ። ካረጀ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ያንን ስብራት የቆጠረው ከትልልቅ ዕድሎቹ እንደ አንዱ ነው።

ድህነት ግን አንባቢ ነው ብሎ አላለፈውም። በ1877 አባትየውም በተራው ጭኑ ተሰብሮ ክሪኬቱ ቀረ። በ1880 እናቱ አፕፓርክ በሚባል የባላባት ቤት የቤት አስተዳዳሪ ሆና ገባች፤ ልጇን ደግሞ ለጨርቅ ነጋዴ ለተለማማጅነት ሰጠችው። እዚያ አልሆነለትም። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነ፣ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሞከረ፣ ቀጥሎ በሳውዝሲ ከተማ ሌላ ጨርቅ ቤት ገባ። ሥራው በቀን 13 ሰዓት ያህል ነበር። እፎይ የሚለው እናቱ ዘንድ ሲሄድ ብቻ ነው። የባላባቱ ቤት መጻሕፍት ሞልተውታል፤ ፕላቶንና ስዊፍትን ያነበበው እዚያ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለ ዕቃ ቤት የተፈታታ ቴሌስኮፕ አግኝቶም ራሱ ገጣጠመው። ሌሊት እንቅልፉን አጥቶ የጨረቃን ጉድጓዶች ሲመለከት እናቱ ደረሰችበት።

በ1883 አንድ እሑድ ጧት ቁርስ ሳይቀምስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ኳትኖ እናቱ ፊት ቆመ፤ ወደ ጨርቅ ቤቱ ከመመለስ ሞትን እንደሚመርጥ ነገራት። ውሉ ፈረሰ። የሚድኸርስት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆራስ ባያት ረዳት አድርጎ ወሰደው። ባያት ብልህ ሰው ነበር። መንግሥት የሳይንስ ፈተና ላለፈ ተማሪ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይከፍል ስለነበረ፣ ዌልስን የመማሪያ መጽሐፍ እያስጨበጠ ለፈተና ያስቀምጠዋል። ዌልስም አንብቦ ያልፋል። እንዲህ ሲል ሲል በ1884 ለንደን በሚገኘው ኖርማል ስኩል ኦፍ ሳይንስ፣ ማለትም የሳይንስ መምህራን በሚሠለጥኑበት ተቋም፣ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ። የኪስ ገንዘቡ በሳምንት 21 ሺሊንግ ነው፤ ሳምንቱን አያዳርስም፤ ምሳ የሌለባቸው ቀኖች ነበሩ።

በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂን ያስተማረው የዳርዊን ወዳጅ ቶማስ ሀክስሊ ነው። ዌልስ ያን ዓመት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም፤ ውጤቱም የላቀ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ግን ሌላ ሆነ። ፊዚክሱ አሰለቸው፤ ብርጭቆ እያቀለጡ ባሮሜትር መሥራት ሲታዘዝ እጁ እሺ አላለውም። ሦስተኛው ዓመት ጂኦሎጂ፤ ይባስ። ሹልክ እያለ አጠገቡ ካለው ሙዚየም ንባብ ክፍል ገብቶ ብሌክንና ካርላይልን ያነባል። በ1886 ከጓደኞቹ ጋር ሳይንስ ስኩልስ ጆርናል የተባለ የተማሪ መጽሔት አቋቋመ። በ1887 ጂኦሎጂን ወደቀ። መቼም አሠልጣኞቹን መውቀስ ይቀናናል፤ ግን ያልተጠናን ትምህርት ማን ያሳልፋል? እኔ እንደሚመስለኝ ልጁ ሁለት ትምህርት ቤት ነበረው፤ የወደቀው በአንደኛው ነው።

ዲፕሎማ ሳይዝ በዌይልስ፣ ሆልት በምትባል ስፍራ ማስተማር ጀመረ። በእግር ኳስ ሜዳ አንድ ተማሪ መትቶት ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ቀጥሎም ደም ተፋ። ደግሞ አልጋ፤ ደግሞ መጽሐፍ። በ1888 በዚያው በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ፣ በሦስት ተከታታይ ክፍል፣ በዘመን ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው አንድ ልቦለድ አወጣ። ጥሩ አልነበረም። ደጋግሞ እያፈረሰ ጻፈው፤ በ1895 ዘ ታይም ማሽን ሆኖ የታተመው እሱ ነው። ዓለም ያወቀው መጽሐፍ የበቀለው ከተማሪ መጽሔት መሆኑን፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ለመጻፍ የሚያመነቱ ሰዎች ቢያውቁት አይጎዳም።

ማስተማሩንም አልተወም። ለንደን ውስጥ ሄንሊ ሃውስ በተባለ ትምህርት ቤት ካስተማራቸው ልጆች አንዱ በኋላ ዊኒ ዘ ፑህን የጻፈው ኤ. ኤ. ሚልን ነው። በ1890 የለንደን ዩኒቨርሲቲን ዲግሪ ያዘ፤ በዞኦሎጂ አንደኛ ማዕረግ፣ በዚያችው በወደቀባት ጂኦሎጂ ሁለተኛ ማዕረግ። በ1893 የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የማስተማሪያ ናሙናዎች የሞሉበት ቦርሳ ተሸክሞ ወደ ባቡር ሲጣደፍ ሳንባው ደማ፤ ክፍል ገብቶ ማስተማር አበቃ። ለማገገም ባሕር ዳርቻ ሳለ ያነበበው የባሪ ልቦለድ አንድ ነገር አሳየው፤ ጋዜጦች የሚፈልጉት ትልልቅ ፍልስፍና ሳይሆን በየዕለቱ ስለምናያት ተራ ነገር የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዕሩ አላረፈም።

ልቦለዶቹ ውስጥ ሳይንሱ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ1897 የወጣውን ዘ ኢንቪዝብል ማንን እንመልከት። ባለታሪኩ መሰወሩን ለጓደኛው ሲያስረዳ አስማት አይጠራም፤ የሚጠራው ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ሲደቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ምክንያቱም ብርሃን በየቅንጣቱ ገጽ ላይ ይሰበራል፣ ይንጸባረቃል። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ብንጨምረው ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው፤ የውሃና የብርጭቆ ብርሃን ሰባሪነት ይቀራረባልና። ወረቀትም እንዲሁ ነው። ነጭ የሚመስለው በጭረቶቹ መካከል አየር ስላለ ነው፤ ዘይት ጠብ ሲልበት ዘይቱ ያንን ክፍተት ሞልቶ ብርሃን ያሳልፋል። ይህን በአንድ ጠብታ የምግብ ዘይት በማንኛውም ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል፤ ላቦራቶሪ የለንም የሚያሰኝ አይደለም። እርግጥ የታሪኩ ስንጥቅ አለ፤ ብርሃንን በሙሉ የሚያሳልፍ ዓይን ሊያይ አይችልም። ዌልስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለወዳጁ ለደራሲ አርኖልድ ቤኔት በደብዳቤ አምኖለታል።

በ1898 በታተመው በማርስ ወራሪዎች ታሪክም እንዲሁ ነው። መድፍ ያልመለሳቸውን ባክቴሪያ ይገድላቸዋል፤ የባዮሎጂ አስተማሪ የጻፈው መሆኑ እዚህ ላይ ያስታውቃል። ዌልስ በብስክሌት ዎኪንግ በተባለው አካባቢ እየዞረ ወራሪዎቹ የሚያፈርሷቸውን ስፍራዎች ይመርጥ ነበር።

ሁሉ ነገሩ ግን የሚደነቅ አይደለም። በ1901 ባሳተመው አንቲሲፔሽንስ ውስጥ ስለ ሰው ዘር የጻፈው ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። የኋለኞቹ ልቦለዶቹም ስብከት በዝቶባቸዋል። ሆኖም ስለ ራዲየም የወጣውን የሶዲን መጽሐፍ አንብቦ በ1914 ስለ አቶም ቦምብ ልቦለድ ጻፈ። ይህንኑ በ1932 ያነበበው ፊዚሲስት ሊዮ ዚላርድ በዓመቱ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽን ሐሳብ አፈለቀ። ዌልስ በ1945 የሂሮሺማን ዜና ለመስማት በሕይወት ነበር።

አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ቆረቆረው፤ በሳይንቲስቶች ዘንድ እንደ ሳይንስ ሰው መቆጠር ይፈልግ ነበር። በስተርጅና ጥናት ጽፎ በ1943 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክትሬት አገኘ። የሮያል ሶሳይቲ አባልነት ግን ሳይመጣለት ኦገስት 13 ቀን 1946 ለንደን ውስጥ አረፈ።